ሁለት ሙዝና የእትዬ አስቴር ቃጭል

«ጎበዝ» የሚል ቃል እንዳያመልጣቸው ጥርሳቸውን ነክሰው የሚያስተምሩ ሰዎች በየሰፈሩ አይጠፉም። የእኛ ሰፈር፣ የሲቀላዋ ክብርት እትዬ አስቴር ግን የሁሉም አለቃ ናቸው።

እትዬ አስቴር አንድ ህንዳዊ መምህር ቤት ስምንት ዓመት ወጥ ሠርተዋል። የመምህሩ ሚስት ባራታናቲያም የሚባለውን የአገሯን ጥንታዊ ዳንስ አዋቂ ነበረችና፣ ምስሩ እስኪበስል እሷ እያሳየች እሳቸው እየረገጡ ሙያው ተላለፈ። አገሯ ስትገባ የእግር ቃጭሏን ትታላቸው ሄደች። ቃጭሉን የሚያስረው የዳንስ አስተማሪው ያመነበት ተማሪ ብቻ ነው። እኔ ሰብለ፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ፣ በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ፣ በዚህ ወገቤ፣ ካላሰርኩት ሞቼ እገኛለሁ ብዬ ተነሳሁ። እብደት ዕድሜ አይመርጥም።

መጀመሪያ መሬት በእጅ ትነካለች፤ ስለምንረግጣት ይቅርታ ልንጠይቃት። የእኔን ክብደት ላየ ይቅርታው አንሷል። ከዚያ ጉልበት ከፍቶ ግማሽ ቁጭ ማለት ነው። እትዬ አስቴር ምት ለመስጠት እንጨት በዱላ ሲመቱ እግር ይረግጣል፣ እጅ ይናገራል፣ ትከሻ ግን ንቅንቅ አይልም። የእኔ ትከሻ ደግሞ ምት ከሰማ ማን ይይዘዋል!

«ሰብልዬ፣ ትከሻሽን ቤት ትተሽው ነይ አላልኩሽም?»

በመጨረሻ የኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ አምጥተው ግራና ቀኝ ትከሻዬ ላይ አንድ አንድ አስቀመጡ። የወደቀውን እሳቸው ይበላሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ በሉ። አንድ ቀን ምንም ሳይወድቅ ጨረስኩና በኩራት ዞር ብዬ አየኋቸው።

«ዛሬ ቁርስ አልበላሁም ነበር» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

ባለፈው ጥር ሚስጥር የምትባለው የእህታቸው ልጅ ስታገባ ግን፣ በሠርጉ ላይ እንድደንስ ቃጭሉን አውጥተው በገዛ እጃቸው አሰሩልኝ። «ካበላሸሽ እፈታዋለሁ። ሁለተኛ አታስሪውም» አሉኝ።

የዳንሱን ግማሽ ትከሻዬን ቀጥ አድርጌ ተወጣሁት። ከምዕራብ ዓባያ የመጡት የሙሽራው ዘመዶች ደስ ሲላቸው ጊዜ ጭብጨባ ጀመሩ፤ እልልታው ቀለጠ። ወይ ጉዴ! ትከሻዬ ተነሳ። ድንኳኑ ሙሉ አብሮኝ ተነሳ። ህንድም እዚያው ቀረች።

ከድንኳኑ ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ፤ ምን እዋሻለሁ። እትዬ አስቴር መጥተው ተንበረከኩ። ቃጭሉን ሊፈቱ ነው ብዬ እግሬን ዘረጋሁላቸው። ጎረቤታቸው አቶ ዘካሪያስ በሳቅ እየተንከተከተ ከኋላቸው ደረሰ።

«ይሄም የህንድ ነው እንዴ?»

«አንተ ምን ታውቃለህ!» አሉት። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ቃጭሉን አላልቼ አስሬባት ነው፤ ቃጭል ከላላ ምት ይጠፋል።» ወደ እኔም ዞር ብለው፣ «ማክሰኞ እንዳታረፍጂ» አሉኝና ተነስተው ሄዱ። ቃጭሉን አልነኩትም። እንዲህ ያሉትን ሴትዮ እንዴት አልወዳቸው?

ቤት ገብቼ ልፈታው ብል እምቢ አለኝ። ያን «የላላ» ቋጠሮ ባሌ ክብሩ በጥርሱ ጭምር ታግሎ ነው የፈታው።