ጋሽ አብዱልሐሊምና የረጠበው ባሩድ

መቼም በየሰፈሩ አንድ "ቆይ!" ባይ አለ። ምድጃ ስትለኩስ ከኋላህ ይደርሳል። መሰላል ስትወጣ እግሩን ይይዝልሃል፤ እስክትወርድ ድረስም ከመሰላል ስለወደቁ ሰዎች ያወራልሃል። ሚኒባስ ውስጥ ከሾፌሩ ኋላ የሚቀመጠው እሱ ነው፤ ከወልድያ እስከ መርሳ ባለው ኩርባ ሁሉ ከሾፌሩ ቀድሞ የሌለ ፍሬን ይረግጣል። አገር የቆመው በእነዚህ ሰዎች ነው የሚሉ አሉ። እኔ አገር የዘገየው በእነሱ ነው ባይ ነኝ።

የመርሳው "ቆይ" ባይ ጋሽ አብዱልሐሊም ይባላሉ። ክቡር የአፈሙዝ ሚኒስትር፣ የባሩድ ቃዲ፣ የሐብሩ ወረዳ ጣቶች ሁሉ የበላይ ጠባቂ። ማዕረጉን ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ፤ በሆዴ ነው እንጂ በአፌ ብዬው አላውቅም። አንባቢ እንዳይደናገር ከአሁኑ ልናገር፦ እቀናባቸዋለሁ። ቅናቴ የሰነበተ ስለሆነ እንደ ጨጓራዬ ለምጄዋለሁ።

ጋሽ አብዱልሐሊም ከአያታቸው የወረሱት አንድ ነፍጥ አላቸው፤ እንዳሁኑ መሣሪያ ጥይት የማያውቅ፣ ባሩዱን በአፈሙዙ የሚጎርስ። ባሩድ ይፈስበታል፣ በላዩ ጨርቅ ይወተፍበታል፣ በብረት ዘንግ ይጠቀጠቃል፣ ከነፍጡ መምቻ መዶሻ ሥር እሳት የምትጭር አንዲት የመዳብ ቆብ ትደረግለታለች። ከዚያ ምላጩ ሲሳብ መርሳ ትናወጣለች። ድሮ ከማሽላ ላይ ዝንጀሮ ማባረሪያ ነበር። በሠርግ የሚተኮሰው ግን ክላሽ ነበር፤ አንድ ቀን ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት ተመልሶ መጣና የድንኳኑን ሸራ በስቶ የሙሽራውን አጎት የወጥ ሳህን ከፊቱ ለሁለት ከፈለው። አጎትዬው ጭረት እንኳ አላገኘውም፤ ሽማግሌዎቹ ግን ተሰብስበው በሠርግም በለቅሶም ጥይት ቀረ አሉ። ታዲያ ደስታችንን በምን እንግለጽ ሲባል፣ ጋሽ አብዱልሐሊም ነፍጣቸውን ከግድግዳ አወረዱ። አረር የለው፣ ድምፅና ጭስ ብቻ። ከዚያ ወዲህ ክርስቲያኑም እስላሙም የሠርግ ቀን የሚቆርጠው እሳቸውን ጠይቆ ሆነ።

እኔ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለኝ። የከተማውን የሠርግ ካርድ የማትመው እኔ ነኝ፤ ወርቃማውን ፊደል የምመርጠው፣ የሙሽራዋን ስም እንዳይሳሳት ሦስት ጊዜ የማነበው እኔ ነኝ። ካርዱን ማን ሠራው ብሎ የጠየቀ ሰው እስከ ዛሬ አልሰማሁም። እሳቸው አንዴ ድም ያደርጋሉ፤ ከዚያ ውለው እስኪገቡ ድረስ ይመረቃሉ፣ ጉርሻ ይጎርሳሉ። ባለቤቴ የሺ ራሷ፣ የእኛ ቤት ድግስ ሲኖር "የጋሽ አብዱልሐሊም በግ" ብላ ለእስላም እንግዶች የሚታረደውን በግ በስማቸው ነው የምትጠራው። ለእኔ በስሜ የተጠራ ዶሮ እንኳ የለም።

የሚያናድደው ደግሞ ይህን ሁሉ ክብር የሚያገኙት ሰውን እያጉላሉ መሆኑ ነው። ነፍጡ እጃቸው ሲገባ ሰላምታ አይመልሱም። መጀመሪያ ዘንጉን በአፈሙዙ ይሰዱታል። ዘንጉ ላይ በሞረድ የተቀረጸ መስመር አለ፤ መስመሩ ከአፈሙዙ ጫፍ እኩል ካረፈ ነፍጡ ባዶ ነው፣ ከፍ ብሎ ከቀረ ሆዱ ውስጥ ነገር አለ። "ባዶ ነውኮ ጋሼ" ብትላቸው፣ "አንተን ማን ጠየቀህ? እኔ የጠየቅሁት ዘንጉን ነው" ይሉሃል። ከራሳቸው ግድግዳ በራሳቸው እጅ አውርደውት እንኳ ዘንጉን ይጠይቃሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘሀራ "እኔንም ከገበያ ስመለስ በዘንግ ሊፈትሹኝ ትንሽ ነው የቀራቸው" ይላሉ።

ሐራ ከተማ በአንድ ሠርግ ላይ ቪዲዮ ቀራጩ "አፈሙዙን ወደ ካሜራው ያዙልኝ፣ ያምራል" ቢላቸው፣ ነፍጡን አስቀምጠው ሰውየውን በትከሻው ይዘው ፊቱን ወደ ተራራው አዞሩት። የዚያ ሠርግ ቪዲዮ ግማሹ ተራራ ነው። ሲጋራ የያዘ ሰው ሠላሳ እርምጃ ይርቃል፤ የእሳቸው እርምጃ አጭር ስለሆነ በረጅም ሰው ነው የሚያስቆጥሩት። ባሩድ እየሰፈሩ ደግሞ ከማንም ጋር አይነጋገሩም። አንድ ጊዜ አንድ ትልቅ ሹም ሊጨብጣቸው እጁን ዘረጋ። ሹሙ እጁን እንደዘረጋ፣ እሳቸው ባሩዳቸውን ሰፈሩ፣ ጨርቁን ወተፉ፣ ጠቀጠቁ፣ ከዚያ ቀና ብለው "እንዴት ዋሉ ጌታዬ" አሉ። እኔ ብሆን ኖሮ ባለጌ እባል ነበር። እሳቸው "ጥንቁቅ" ተባሉ።

የአንዱን ለቅሶ ደግሞ ልንገራችሁ። ምላጩን ሳቡ፤ ቆቧ ጠሽ አለች፣ ነፍጡ ግን ዝም። ሌላው ሰው ምን ሆነ ብሎ አጎንብሶ ያያል። እሳቸው አፈሙዙን ወደ ሸንተረሩ እንዳቀኑ "ቆይ! ማንም እንዳይነቃነቅ! ውስጥ ውስጡን እሳት ይዞ ይሆናል፤ መቶ ቁጠሩ!" አሉ። ለቀስተኛው ልቅሶውን አቁሞ መቁጠር ጀመረ። ሙሾ አውራጇ በሙሾ ዜማ ቆጠረች። ሰባ አካባቢ ሟቹም ከሳጥኑ ሳይቆጥር የቀረ አይመስለኝም። መቶ ሞላ፣ ምንም አልተፈጠረም፣ ነፍጡ ውኃ ተደርጎበት ለቅሶው ካቆመበት ቀጠለ። "ምንም ካልሆነ ታዲያ ምን አስቆጠረን?" ብዬ አጠገቤ ላለው ሰው ባንሾካሹክ፣ "ምንም እንዳይሆን ነዋ" አለኝና ተቆጣኝ።

ሲያበቁ ሁልጊዜ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው "አርባ ዓመት ተኩሻለሁ፤ ቁጠሩ!" ይላሉ። ጣቶቻቸው አሥር ናቸው። ብዙ ጊዜ ቆጥሬያለሁ፤ አሥር ናቸው።

ባለፈው ጥር የእኔም ተራ ደረሰ። ልጄን ቃልኪዳንን ለወልድያ ልጅ ዳርኩ። እንግዲህ ሙሽራ ከአባቷ ቤት ስትወጣ የሚተኮሰውን ተኩስ ማን ይተኩሰው? አባቷ ነዋ! ለእኔ ይህ ጥያቄም አልነበረም። ለልጄ ግን ነበር።

"አባዬ፣ ጋሼ አብዱልሐሊም ይተኩሱልኝ" አለች።

"እኔስ?"

"አንተማ የደመራ ችቦ ስትለኩስ ቅንድብህን አቃጥለህ የለ እንዴ?"

የሺ ከጓዳ ሳቀች። የወለድኳት እኔ፣ ያስተማርኳት እኔ፣ ካርዷን በነጻ ያተምኩላት እኔ። ተነስቼ በቀጥታ ወደ ሰውየው ቤት ሄድኩ። ልጣላ ነበር የሄድኩት፤ የምናገረውን መንገድ ላይ እያጠናሁ።

"ጋሽ አብዱልሐሊም፣ የልጄን ተኩስ እኔ ነኝ የምተኩሰው" አልኳቸው ሰላምታ ሳልሰጥ።

"ታዲያስ!" አሉኝ። "ልጅህ አይደለች እንዴ? ከአንተ ሌላ ማን ሊተኩስላት ኖሯል? ብቻ ትማራለህ ወርቁ። ከነገ ጀምሮ፣ አመሻሹ ላይ ከዐሱር ሶላት በኋላ።"

ያጠናሁት ስድብ ሁሉ እሆዴ ውስጥ ቀረ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በሃምሳ ሁለት ዓመቴ እንደ ቄስ ተማሪ ተቀመጥኩ። በባዶ ነፍጥ ዘንግ መስደድ፣ በባዶ ነፍጥ ማነጣጠር፣ በባዶ ነፍጥ መቶ መቁጠር። "መዳፍህን ከአፈሙዙ ፊት አንሳ።" "ከባሩዱ ቀንድ በቀጥታ አታፍስስ፣ በስፍር ነው፤ ውስጡ ፍም ቀርቶ ከሆነ ቀንዱ እጅህ ላይ ነው የሚፈነዳው።" "ጣትህ ምላጩ ላይ ምን ይሠራል? ቤቱ የለውም?" አንዱን ነገር ግን ከሁሉም አስረግጠው ነገሩኝ፦ "የክላሽ ባሩድ እዚህ ነፍጥ ውስጥ አይገባም። የእሱ ጉልበት ሌላ ነው፤ ይቺን አሮጊት ይበጣጥሳታል። የእሷ ጥቁሩ፣ ድብዝዙ ነው።" በመጨረሻ ልክ ልኩን ሰፍረው በወረቀት የጠቀለሉትን ባሩድ ሰጡኝ። በዕለቱ ወረቀቱን ቀድጄ መገልበጥ ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ።

እዚህ ላይ ነው ቅናት ሰውን ምን እንደሚያደርግ የምናገረው። ጥቅሉ ቀለለብኝ። ሰውየው ለራሳቸው ትልቁን ድምፅ አስቀርተው ለእኔ ትንሹን የሰጡኝ መሰለኝ። ነገ የወልድያ አማቾቼ ፊት "የወርቁ ተኩስ ከጋሽ አብዱልሐሊም ያንሳል" ሊባል ነው ብዬ አሰብኩ። ከአንድ ዘመዴ አራት የክላሽ ጥይት ለመንኩ፤ ሱቄን ዘግቼ በፒንሳ ፈለቀቅኋቸው፣ ጥቁሩን ባሩድ ደፋሁና የሚያብለጨልጨውን ደህና አድርጌ በዚያው ወረቀት ጠቀለልኩት። ጠቅልዬ ስጨርስ ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ።

የሠርጉ ቀን ግቢው ጢም ብሏል። አማቾቼ በነጭ በነጭ ለብሰው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ጋሽ አብዱልሐሊም ሰዉን አስር እርምጃ ወደ ኋላ አስገፍተው ጎኔ ቆመዋል። ሙሽሮቹ ከቤት ወጡ፣ እልልታው ቀለጠ፤ እኔም ዘንጉን ሰደድኩ፣ መስመሩን አየሁ፣ ዘንጉን አወጣሁ፣ ጥቅሉን ቀደድኩ። ፀሐይዋ ወረቀቱ ላይ ብልጭ አለች።

"ቆይ!"

ጥቅሉን ከእጄ ወሰዱት። መዳፋቸው ላይ ትንሽ አፈሰሱና አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ። ዐርባ ዓመት በማሽላ መሐል ዝንጀሮ ያዩበት ዐይናቸው ነው፤ ሁሉንም ነገር ወዲያው እንዳወቁ አወቅሁ። አሁን ሊናገሩ ነው፣ አማቾቼ ፊት፣ ልጄ ፊት ሊናገሩ ነው አልኩ።

ጋሽ አብዱልሐሊም ወደ ሰዉ ዞሩ። "ረጥቧል" አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። "ጥፋቱ የወርቁ አይደለም፣ የእኔ ነው። ባሩዱን አርጥቤ ሰጠሁት። ይቅርታ አድርጉልኝ።"

አንዱ ከኋላ ሳቀ። ሌላው "እርጅና መጣ ጋሼ!" አለ። ሰዉ ሁሉ ተንጫጫ። እሳቸው ጥቅሉን ውኃ ባልዲ ውስጥ ከተቱት፣ እጃቸውን ጠረጉ፣ ከራሳቸው ቀንድ በስፍር ሰፍረው ሰጡኝ። "ሙሽሪት፣ ወደ እናትሽ ዘንድ ሂጂ" አሉ መሐል ላይ፤ የተለመደው ትእዛዛቸው መስሎኝ ልብ አላልኩትም። ከዚያ በጆሮዬ "አፈሙዙ ወደ ሸንተረሩ። አትቸኩል፣ ልጅህ እያየችህ ነው" አሉኝ።

ተኮስኩ። መርሳ ተናወጠች። ድምፁ ከማንም አላነሰም። አማቼ መጥቶ አቀፈኝ፣ ልጄ አለቀሰች፣ የሺ እንደ አዲስ አየችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የተመኘሁት ክብር ያን ቀን ተሰጠኝ፤ እሳቸው ደግሞ ጥግ ይዘው በጋቸውን በሉ። ለእኔ ከእኛው ማዕድ ሥጋ ቢቀርብልኝ አልወረደልኝም።

ወሬ እግር የለው። ሦስት ወር ሳይሞላ "ባሩድ አርጣቢው" የሚል ስም ወጣላቸው። ለሁለት ሠርግ ሳይጠሩ ቀሩ። እሳቸው ትንፍሽ አላሉም። እኔም ትንፍሽ አላልኩም። ከዚያ አንድ ጠዋት ሙጃሂድ የሚባል የውርጌሳ ሰው ለልጁ ሠርግ ካርድ ሊያሳትም ሱቄ መጣ።

"ጋሽ አብዱልሐሊምን ጠርተሃል?" አልኩት እንደዋዛ።

"ተዋቸው እባክህ፣ ደክመዋል። አንተንስ አማቾችህ ፊት ሊያሳፍሩህ አልነበር? ልጆቹ ክላሽ እናምጣ ብለዋል፣ እሺ ብያለሁ።"

የካርዱን ናሙና አስቀመጥኩት። ያ የተከፈለ የወጥ ሳህን ዐይኔ ላይ መጣ። "ባሩዱ አልረጠበም ነበር" አልኩት። "እሳቸው የሰጡኝን ደፍቼ በክላሽ ባሩድ የቀየርኩት እኔ ነኝ። እሳቸው ባያዩ ኖሮ ነፍጡ ፊቴ ላይ ይፈነዳ ነበር።"

"ሱብሃነላህ!" አለ ሙጃሂድ። ከዚያ ካርዱንም ሳያዝ በቀጥታ ወደ እሳቸው ቤት ሄደ።

በማግሥቱ ጋሽ አብዱልሐሊም ሱቄ መጡ። ከመቀመጣቸው በፊት "ቆይ!" ብለው ወረቀት ክምር ሥር ያለውን የኤሌክትሪክ ገመድ ነቀሉና መጠቅለል ጀመሩ።

"ምን አስለፈለፈህ?" አሉኝ ገመዱን እየጠቀለሉ። "አማቾችህ ቢሰሙስ?"

"ስምዎ ጠፍቶ ዝም ልበል ጋሼ?"

"የኔ ስም ይመለሳል፣ አብሽር።"

"ለምንድነው ያን ቀን ያላጋለጡኝ? የሠራሁትን እያወቁ?"

ገመዱን ጨርሰው መደርደሪያው ላይ አስቀመጡት።

"ልጅህ ሾልካ መጥታ አጠገብህ ቆማ ነበር" አሉኝ። "በግራህ፣ ሦስት እርምጃ። ቀሚሷን ሰብስባ አንተን እያየች ትስቃለች፣ አባቷ ሊተኩስላት ነው። እንዲያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። ታዲያ እሷን ምን ልበላት ወርቁ?"

በግራዬ መቆሟን አላየሁም ነበር። እኔ ስለ ድምፁ እያሰብኩ ነበር። አባቷ እኔ ነኝ፤ የት እንደቆመች ያዩት ግን እሳቸው ነበሩ። በዚህስ እስክሞት እቀናባቸዋለሁ።