ክፍሌ ገበያ የወጣችበት ቀን

ትናንት፣ ፀሐይዋ ገና ሳትበርድ፣ በሕልሜ ሥራ ገባሁ።

የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነኝ። የከተማችን ሰው ግን «ዶክተር ዘርጋው» ነው የሚለኝ፤ እኔም ማረሙን ትቼዋለሁ። በሕልሜ እንደ ወትሮው ነጭ ጋዋኔን ለብሼ ጤና ጣቢያው ደረስኩ። ዘበኛው ጋሽ ብሩ በሩን ገርበብ አድርገው ቆመዋል። ግቢውን አሻግሬ ሳይ የምሠራባት ክፍል የለችም። በነበረችበት ቦታ ሣር በቅሏል፤ አንዲት ዶሮ ትጭርበታለች።

«ጋሽ ብሩ፣ ክፍሌ የት ሄደች?»

«ገበያ ወጣች።»

«ምን ልታደርግ?»

«ሰዉ ሁልጊዜ እሷ ዘንድ ይመጣል፤ እሷ ግን አንድ ቀን እንኳ ሰው ጠይቃ አታውቅም። አፈረች መሰለኝ፣ ማለዳ ተነስታ ሄደች።»

ነገሩ አልገረመኝም። የዝናብ ወቅት ስለነበር «ጃንጥላ ይዛለች?» ብቻ አልኳቸው።

«ጣራ አላት እኮ» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው ብዬ ወደ ገበያ ወረድኩ።

ክፍሌን በሽንኩርት ተራና በቅመም ተራ መካከል ተቀምጣ አገኘኋት። መስኮቶቿን ከፍታ አየር ትስባለች። በሯ ላይ ረጅም ሰልፍ ነበር። የተሰለፉት ግን ታካሚዎች አይደሉም፤ ነጭ ጋዋን የለበሱ ሐኪሞች፣ ነርሶችና ፋርማሲስቶች ናቸው። የጤና ቢሮ ኃላፊያችንም ክራቫታቸውን እንዳሰሩ የቲማቲም ሣጥን ላይ ተቀምጠው ተራ ይጠብቃሉ። ዝንብ ያባርራሉ እንጂ አያጉረመርሙም።

«ቆዩ እንዴ?» አልኳቸው ጎንበስ ብዬ።

«ጎሕ ሳይቀድ ነው የመጣሁት። ቀስ ብለህ ተናገር! የጮኸ ሰው ወደ ሰልፉ መጨረሻ ይመለሳል ተብሏል።»

«ማን ነው ያለው?»

«ተገልጋዮቹ፤ ታካሚዎቻችን ማለቴ ነው።»

እኔም ተሰለፍኩ። የቢሮዬ ወንበር አጠገቤ ቆማ፣ በመደገፊያዋ ክንዴን ጥብቅ አድርጋ ይዛኛለች። አስታማሚዬ እሷ መሆኗ ያኔ ገባኝ።

ተራዬ ደርሶ ስገባ ከጠረጴዛዬ ጀርባ የተቀመጡት እትዬ ትርንጎ ነበሩ። እትዬ ትርንጎን በእውንም አውቃቸዋለሁ። እዚያው ገበያ ውስጥ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ይሸጣሉ። ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰማቸዋል፤ በየወሩም ለመድኃኒት እኔ ዘንድ ይመጣሉ። በሕልሜ ግን ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የልብ ማዳመጫዬን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ እግራቸው ሥር ያለውን የቅመም ጆንያ ትንፋሽ ያዳምጡ ነበር። ሲጨርሱ ቀና ብለው አዩኝ።

«ምን ሆነ?»

ወንበሬ ቀደመችኝ። «እንቅልፍ የለውም። ምግብ የሚበላው ቆሞ ነው። ሰው ሲያናግረው ዓይኑ ሰዓት ላይ ነው። እኔ ላይ እንኳ በወጉ ተቀምጦ አያውቅም፤ ጫፌን ነካ አድርጎ ይነሳል። አሁንስ መረረኝ!»

እትዬ ትርንጎ ሳያቋርጧት ሰሙ። ከዚያ «አመሰግናለሁ የኔ እመቤት። አሁን ውጭ ጠብቂው። አፍ አለው፤ እሱን ልጠይቀው» አሏት። ወንበሯ እየተንቋቋች ወጣች።

«እንቅልፍ እንዴት ነው ልጄ?»

«ደህና ነው።»

«ድምፅስ ትሰማለህ?»

ልክድ አስቤ ነበር። የሽንኩርት ነጋዴዎቹ ግን ሚዛናቸውን አቁመው በመስኮት ይመለከቱኛል፤ ፊታቸው ላይ ሐዘኔታ እንጂ ፌዝ የለም። «እሰማለሁ» አልኩ።

«ምን ይልሃል?»

«‹ሪፖርቱ የታለ?› ይለኛል።»

«አጠገብህ ያለ ሰውስ ይሰማዋል?»

«አይሰማውም። ባለቤቴን ጠይቄያት ነበር፤ ምንም አልሰማሁም አለችኝ።»

«ሌላ የሚለው ነገር የለም?»

«የለም። እሱኑ ነው የሚደጋግመው።»

እትዬ ትርንጎ ከንፈራቸውን መጠጡልኝ። «የኔው ይሻላል። አልፎ አልፎ እንኳ ይዘፍናል።»

ልስቅ ስል እሳቸው አለመሳቃቸውን አየሁና ተውኩት። ወደ ጠረጴዛው ጠጋ ብለው ዓይን ዓይኔን እያዩ «ምን ትፈልጋለህ?» አሉኝ።

ምን ያምሃል ቢሉኝ መልስ ነበረኝ። ይህንን ጥያቄ ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ጣራ ጣራውን አየሁ። በመጨረሻ የሚጠበቅብኝ መልስ መስሎኝ «መድኃኒት?» አልኩ።

«እሱማ አለ። እኔ የጠየቅሁህ ሌላ ነው።» አልተቆጡኝም። «አትቸኩል። ከማንያዘዋል ጋር ዞር ዞር በልና ተመለስ።»

ማንያዘዋል ሌላው ታካሚዬ ነው፤ ብስክሌት ጠጋኝ። ሕመሙ በጠናበት ጊዜ ቤተሰቦቹ ግራ ቢገባቸው ግቢያቸው ውስጥ ካለው ግራር ጋር በሰንሰለት አስረውት ነበር፤ አሁን ተሽሎት ሥራውን ይሠራል። በሕልሜ ብስክሌት እየገፋ መጣና «እንሂድ ዶክተር፣ የታመመ እንጠይቃለን» አለኝ።

የወሰደኝ ወደ ራሱ ቤት ነው። ከግራሩ ጋር በሰንሰለት የታሰረው ግን ሰው አልነበረም፤ ቤቱ ራሱ ነበር። ሰንሰለቱ የጭቃ ግድግዳውን ዙሪያውን ጠምጥሞ በሩ ላይ ተቆልፏል። የማንያዘዋል እናት እማማ አስካለ ደጅ ቆመው ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጋሉ።

«ምን ላድርግ ልጆቼ? ካልታሰረ ይወጣል። ባለፈው አስፋልት መሀል ቆሞ መኪና አስቆመ፤ ጎረቤት ሁሉ ሳቀብን።»

ወደ ቤቱ ጠጋ ብዬ በለመድኩት መንገድ «ስምህ ማነው? ዛሬ ምን ቀን ነው?» አልኩት። ቤቱ መስኮቱን ድርግም አድርጎ ዘጋብኝ።

«እንደሱ አይደለም» አለ ማንያዘዋል በቀስታ። «መጀመሪያ ውሃ ነው የሚሰጠው። የታሰረ ሁሉ ይጠማዋል። የሚመጣ ሰው ግን ስሙን ነው የሚጠይቀው።»

በጣሳ ውሃ አምጥቶ ደፉ ላይ አፈሰሰለት። ቤቱ ጠጣ። ማንያዘዋል ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ መሬት ላይ ቁጭ አለ፤ እኔም ጋዋኔን ሰብስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ስለ ጎማ አወራ፤ ስለ ዝናቡ አወራ። ቆይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«የወንድሜ ሠርግ ዕለት እዚህ ግራር ሥር ነበርኩ» አለ፣ ለእኔ ይሁን ለቤቱ እንጃ። «ድንኳኑ ከአጥሩ ባሻገር ነው። ዘፈኑን ሁሉ እሰማለሁ። ሲያጨበጭቡ አጨበጭባለሁ፤ ሰንሰለቱ አብሮኝ ይጮሃል። ከእንግዶቹ አንዱ እንኳ ብቅ ብሎ ‹እንኳን ደስ ያለህ› አላለኝም።»

እማማ አስካለ ቆመው ይሰማሉ። ከጀርባችን ግድግዳው ሞቅ እያለ ሲመጣ ተሰማኝ።

ማንያዘዋል ፊቱን ወደ ቤቱ መለሰ። «ወዴት ነበር የምትሄደው?»

«ሰው ፍለጋ» አለ ቤቱ። «ወደ እኔ የሚገባ ሲጠፋ፣ እኔ ልሂድ ብዬ ነው።»

እማማ አስካለ ይህን ሲሰሙ ቁልፉን ከመቀነታቸው ፈትተው፣ ራሳቸው ከፈቱት። ሰንሰለቱ መሬት ወደቀ። ቤቱ ይሮጣል ብዬ ነበር፤ አልሮጠም። ቆርቆሮውን ነቅነቅ አድርጎ ተፍታታና፣ እማማ አስካለን ደፉ ላይ እንዳስቀመጠ ቀስ እያለ ተከተለን። መንገድ ላይ ያገኘን ሁሉ ሰላም ይለናል፤ ለቤቱም ባርኔጣ ያነሳል።

ገበያ ስንደርስ ስብሰባ ተጀምሯል። እትዬ ትርንጎ ጆንያቸው ላይ ተቀምጠው ይመራሉ። የቢሮ ኃላፊው እጃቸውን ቢያወጡ ተፈቀደላቸው።

«እኛ እናንተን ስናጠና የደረስንበት…» ብለው ጀመሩ።

«እኛም እርስዎን አጥንተናል» አሏቸው እትዬ ትርንጎ በአክብሮት። «ስብሰባ ያበዛሉ። አሳስበውናል። ለመሆኑ ልጆችዎን ያገኟቸዋል?»

ኃላፊው እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። አንዲት ነጋዴ ሴት ትከሻቸውን ቸብ ቸብ አድርጋ «ሽንኩርቱ ነው ጌታዬ፣ አይዞዎት» አለቻቸው።

ከዚያ ማንያዘዋል ተነስቶ ሐሳብ አቀረበ። «የወሩ መርፌያችን የሚሰጥበት ቀን ከቅዳሜ ይነሳ። ቅዳሜ ገበያ ነው። መርፌ የወሰደ ሰው ያንቀላፋል፤ ሥራው ያመልጠዋል።»

ሁሉም እጁን አወጣ። ክፍሌ የመስኮቷን መዝጊያ አወጣች፤ ከጥግ የቆመው ቤትም በሩን። በእውኑ ዓለም ከቢሮ ቢሮ ስናንከባልለው የኖርነው ጉዳይ ነበር። እዚህ ግን ሽንኩርት ተመዝኖ እስኪያልቅ እንኳ አልፈጀም።

እትዬ ትርንጎ ወደ እኔ ዞሩ። «እህሳ ልጄ፣ ምን ትፈልጋለህ?»

«ልቀመጥ» አልኩ። ድምፄ የኔ አልመስልህ አለኝ። «እናንተ መሀል። ማንንም ምንም ሳልጠይቅ።»

ፈቀቅ አሉልኝ። በእሳቸውና በማንያዘዋል መካከል ጆንያው ላይ ተቀመጥኩ። ኮረሪማው ያውዳል። ትከሻዬ ላይ የነበረ አንዳች ሸክም ወረደልኝ። ገበያተኛው ሁሉ ያጨበጭብ ጀመር። ጭብጨባው በረታ፣ በረታ፤ ዓይኔን ገለጥኩ።

የሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነኝ። ምሳ በልተን ከገባን በኋላ ዐውደ ጥናቱ ላይ እንቅልፍ ጥሎኛል። ከመድረኩ በላይ «በተገልጋዮች የሚመራ የአእምሮ ጤና አገልግሎት» የሚል ባነር ተሰቅሏል። አዳራሹ በሐኪም፣ በነርስ፣ በቢሮና በድርጅት ሰው ጢም ብሏል። እትዬ ትርንጎም ማንያዘዋልም የሉም፤ የጠራቸው አልነበረም። ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ ያጨበጭባል።

«ምንድን ነው?» አልኳት አጠገቤ የተቀመጠችውን ሲስተር ፍሬሕይወትን።

«እንኳን ደስ ያለህ! ተመረጥክ እኮ።»

«ለምን?»

«ለአዲሱ ኮሚቴ የተገልጋዮች ተወካይ ሆነህ። በሙሉ ድምፅ!»

ብድግ አልኩ። «ይቅርታ፣ ስህተት አለ» አልኩ። «እኔ ተገልጋይ አይደለሁም። ተገልጋዮቹ እዚሁ ከተማ ናቸው፤ ስልክ ልደውልላቸውና ይምጡ።»

ሰብሳቢው ማይክራፎኑን ወደ አፋቸው አስጠጉና በፈገግታ አዩኝ።

«ተገልጋይ አለመሆንህን እናውቃለን ዘርጋው» አሉ። «ለዚህ እኮ ነው አንተን የመረጥንህ።»