ግማሹ በር ላይ የቀረው ቃሊ

ከሞት አፋፍ የተመለሰ ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ዝም ይላል፤ ሌላው ጠባሳውን ያሳያል። ሠዓሊ ሙነወር ከሁለተኞቹ ወገን ነው። ልጅ ሳለ አውቶቡስ ተራ ከአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ሻንጣ ሲያወርድ ከሻንጣው ጋር አብሮ ወረደ። ዳሌው ተሰብሮ፣ ከወገቡ እስከ ጉልበቱ በጀሶ ታስሮ፣ ያለ አስታማሚ ለወራት ሆስፒታል ተኛ። አጠገቡ የተኛ በሽተኛ እስክሪብቶ ቢሰጠው ጀሶውን በሥዕል ሞላው። የራሱ ሲያልቅበት ወደ ጎረቤቶቹ ጀሶ ተሻገረ። ሐኪሙ መጥቶ ጀሶውን ሲቆርጠው ምርር ብሎ አለቀሰ። «አይዞህ፣ አጥንትህ ገጥሟል» ቢሉት፣ «ሥዕሌስ?» አለ።

ከዚያ ወዲህ የሳለው ነገር ሁሉ ወይ ተቆርጧል፣ ወይ ተቀዷል፣ ወይ ፈርሷል። ለዚህ ይመስለኛል የተረፈችውን ሁሉ ለሰው ካላሳየ የማያድረው።

እናንተም ሰፈር እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። ሰላምታውን ሳይጨርስ ስልኩን ያወጣል።

«ጋሼ ኃይሌ፣ ይቺንስ አይተዋታል?»

«ትናንት አሳይተኸኛል» እለዋለሁ።

«ትናንት በደንብ አላዩዋትም።»

ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ያሳያል። አብነት ሰፈር የታክሲ ሰልፍ ላይ ከፊቱና ከኋላው የቆሙትን አሳይቶ ሲጨርስ ታክሲ ውስጥ ወደ ረዳቱ ይዞራል። ረዳቱ «ፋዘር፣ ሂሳብ!» ሲለው፣ እሱ «መጀመሪያ ይቺን እይ» ይለዋል።

ልጁ ካሚላ ቴሌግራም ላይ ቻናል ከፈተችለት። እኛ እንኳ ዕረፍት የምናገኝ መስሎን ነበር። አሁን ክቡር ሠዓሊ ሙነወር በየማለዳው አንድ የድሮ ሥራውን እዚያ ይለቃል፤ ከዚያም አይተን እንደሆነ ለማረጋገጥ በአካል ይመጣል። የሚለቀው አብዛኛው የካሴት ሽፋን ነው። እሱን ከጠየቃችሁት በዚያ ዘመን ያለ እሱ ብሩሽ ገበያ የወጣ ዘፈን የለም። ብርሃኔ የሚባል ክራር ደርዳሪ ነበር። የካሴቱን ሽፋን አይቶ ተቆጥቶ መጣ።

«ጆሮዬን አተለቅከው። አሳንስልኝ!»

ሙነወር ሥዕሉን አየ፣ ሰውየውን አየ። «ይሄ እኮ ያሳነስኩት ነው» አለው። ብርሃኔ እስከ ዛሬ ኩርፊያ ላይ ነው፤ ካሴቱም በዚያው ጆሮ ወጣ።

ትልቁ ሥራው ግን ስልኩ ውስጥ የለም። ከሶማሌ ተራ ወረድ ብሎ እኔ ገመድ የምሸጥበት የሱቅ ረድፍ ነበር። በሮቻችን ሳራቺኔስካ ነበሩ፣ ከታች ወደ ላይ የሚጠቀለሉ የብረት በሮች። ሙነወር በየበሩ አንድ አንድ ትዕይንት ስሎ ረድፉን በሙሉ አንድ የካርቱን ታሪክ አደረገው። ቃሊ የሚባል ተሸካሚ አንድ ትልቅ ጆንያ በአደራ ይቀበላል፤ ከዚያ የጆንያውን ባለቤት ፍለጋ መርካቶን ከዳር እስከ ዳር ይዞራል። ግሩም ዕቅድ ነበር። ሠዓሊያችን አንድ ነገር ብቻ ዘነጋ፤ ሱቅ ሲከፈት ሥዕሉ ተጠቅልሎ ይገባል።

ስለዚህ ቃሊ የሚታየው እኛ ስንዘጋ ሆነ። ዓርብ ሙስሊሞቹ ለጁምዓ ሲዘጉ የታሪኩ ግማሽ ይወጣል፤ በሚካኤል ንግሥ ክርስቲያኖቹ ስንዘጋ ሌላው ግማሽ። እኛ የዓርቡን አይተን ቃሊ የዋህ ነው አልን። እነ ሙስዓብ የሚካኤሉን አይተው ሌባ ነው አሉ። ጨርቅ ነጋዴው ሙስዓብ በተለይ አምርሮ ይከራከረኝ ነበር።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ቃሊ ሌባ ነው! ፖሊስ ያባርረው የለ እንዴ?»

«በአደራ ነው የተቀበለው! ሥዕሉ ያለው የገዛ በርህ ላይ ነው፤ ዘግተህ እየው።»

«ለቃሊ ብዬ ገበያዬን ልዝጋ?»

ታሪኩ ተገጣጥሞ የሚታየው እሁድ ነበር። እሁድ ደግሞ ከዘበኞች በቀር ሰው የለም።

እሁድም ቢሆን የመጨረሻዋ በር ትቀራለች። እሷ የበርበሬ ነጋዴዋ የእትዬ በለጥሻቸው ነበረች፤ ነፍሳቸውን ይማርና። እትዬ በለጥሻቸው «የተዘጋ በር ሲሳይ ይመልሳል» እያሉ እሁድም ይከፍቱ ነበር። በዚያ ላይ ፀሐይ የበርበሬውን ቀለም እንዳያጠፋ በሩን ሁልጊዜ እስከ ግማሽ ያወርዱታል፤ ከዚያ በታችም አያወርዱት፣ ከዚያ በላይም አያነሱት። ሲመሽ ከሁላችን በኋላ ዘግተው ጎህ ሳይቀድ ይከፍታሉ። ስለዚህ ከመጨረሻው ትዕይንት የሚታየው የበሩ ታችኛው ግማሽ ብቻ ነበር፣ ማለትም የቃሊ ሁለት እግሮች።

ከዚያ ረድፉ ፈረሰ። ሕንፃ ይሠራበታል ተባለ። በሮቻችን ተነቅለው ቆርቆሮ ቀጥቃጮቹ ሠፈር፣ ምን ዓለሽ ተራ ተጫኑ። ሙነወር ሲሰማ እየሮጠ ሄደ፤ ኢስሐቅ የሚባል ምድጃ ሠሪ ዘንድ ደረሰ።

«ወንድሜ፣ ቃሊን አላየኸውም?»

«ስንት ኪሎ ነው?» አለው ኢስሐቅ፣ መዶሻውን ሳያስቀምጥ።

ሙነወር ማታ አንድ የከሰል ምድጃ ታቅፎ ተመለሰ። ጎኑ ላይ የቃሊ ክርን አለ። ቤቱ አስቀምጦታል፤ እስከ ዛሬ ከሰል ገብቶበት አያውቅም።

ዘንድሮ ካሚላ ቻናሉ ላይ ስለ ቃሊ ጻፈች። አንድ አሳታሚ አነበበና ደወለ። ሠዓሊው ታሪኩን ከትዝታው ደግሞ ከሳለው በመጽሐፍ አሳትመዋለሁ አለ። ሙነወር ያን ሰሞን መሬት አልረገጠም። ማንም የማይቆርጠው፣ ማንም የማያፈርሰው አንድ ሥራ በሕይወቱ ሊኖረው ነው! አሳታሚው የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መጨረሻው ላይ ጆንያው ይፈታ፤ አንባቢ ውስጡን ይይ።

ይሄኔ ሙነወር በየቤታችን መዞር ጀመረ። «ጆንያው ውስጥ ምን ነበር? ታስታውሳላችሁ?» ይለናል። ሙስዓብ አቡጀዲ ነበር አለ፤ በዓይኔ አይቻለሁ ብሎ ማለ። የላስቲክ ዕቃ ነጋዴዋ ምስራ ደግሞ፣ «ወላሂ ጆግ ነው፤ ቢጫ ጆግ!» አለች። እኔም ገመድ ነው ብዬ ተገዘትኩ። እንዲያውም የገመዱን ውፍረት ነገርኩት። በትሕትና ራሱን እየነቀነቀ ሁላችንንም ሰማን።

ከዚያ ጠፋ። ቻናሉም ዝም አለ። አንድ ሳምንት ማንም «ይቺንስ አይተዋታል?» ሳይለኝ አለፈ። እንግዲህ ያ ሰው እንዲለቀኝ ስንት ጊዜ ተመኝቻለሁ። በሳምንቱ ግን ሻይዬ አልጥም ብሎኝ ከዘራዬን ይዤ አብነት ወዳለው ቤቱ ሄድኩ። ካሚላ በሩን ከፈተችልኝ። እሱ ወረቀቶቹን ዘርግቶ መሐላቸው ተቀምጧል።

«ዛሬ የምታሳየኝ የለም?» አልኩት። በዕድሜዬ እንዲህ ብዬ ስጠይቀው የመጀመሪያዬ ነው።

ቀና ብሎ አየኝ፤ ፈገግ ሊል ሞክሮ ተወው። ታሪኩን በሙሉ ደግሞ ስሎታል። የመጨረሻው ወረቀት ላይ ቃሊ ጆንያውን ከጀርባው እያወረደ ነው። ጆንያው ግን እንደታሰረ ነው።

«አሳታሚው ምን አለ?»

«ካልተፈታ አላትምም አለ። የሰው አደራ ሲፈታ አልስልም አልኩት። ተለያየን።»

ደሜ ፈላ። «አንተ ደረቅ! ድሮ የሳልከውን ደግመህ መሳል ምን ያቅትሃል? ገመዱን አይቼዋለሁ እኮ!»

«አላዩትም ጋሼ።»

«እንዴት አላየሁም?»

«የመጨረሻዋን በር የላይኛውን ግማሽ አልሳልኩትማ። እትዬ በለጥሻቸውን አንድ ቀን ይዝጉልኝ እያልኩ ስለምናቸው፣ ነገ ነገ ሲሉኝ ኖሩ። በሩ በቀን ብርሃን ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ያየሁት የተቀበሩ ዕለት ነው። ቀለሙ በእጄ ነበር። ሰው ሬሳ ተከትሎ ሲሄድ እኔ ቆሜ ልሳል? ቀብር ሄድኩ። ከዚያ ልጆቻቸው ወዲያው ከፈቱት፤ ቀጥሎ ፈረሰ።»

ስለ ገመዱ ውፍረት የነገርኩት ትዝ አለኝና አንገቴን ደፋሁ። ሲዞር የሰነበተው እኛ ምን እንዳየን ለማወቅ ኖሯል። አቡጀዲም ጆግም ገመድም የእኛው ነበር።

«ታዲያ አሁን ስለኸው የለም እንዴ?» አልኩት፣ ላጽናናው ብዬ። «ያውልህ፣ ሲያወርድ።»

ወረቀቱን አነሳና አየት አደረገው። ከዚያ ገልብጦ አስቀመጠው።

«ጋሼ፣ አሳታሚውም እናንተም የምትጠይቁኝ ጆንያው ውስጥ ምን እንዳለ ነው። አንድ ሰው እንኳ ይሄ ሰውዬ አልደከመውም ወይ አላለኝም። በዚያ መንገድ ቀኑን ሙሉ ተሸካሚ ያልፍ ነበር። ሸክም ያለበት ሰው ቀና አይልም፤ ከበር የሚታየው ታችኛው ግማሽ ብቻ ነው። ሁልጊዜ ወርዳ የምትውለው ደግሞ የእትዬ በለጥሻቸው በር ብቻ ነበረች። እኔ ሞኙ ማረፉን ለላይኛው ግማሽ አቆየሁት። ታች፣ እግሩ አጠገብ፣ ጆንያውን መሬት ላይ ብስለው ኖሮ ተሸካሚዎቹ ባዩት ነበር። ከሥራዬ ሁሉ ቁም ነገሩ እሱ ነበር፤ እሱን ነው ያልሳልኩት።»