ልጄን ጦጣ ያስመሰለ ሳሙና

(ዲላ፣ 1959 ዓ.ም.፣ የገበያ ቀን። በዛብህ ገና ያላገባ ባለሱቅ ነው፤ አዲስ አበባ ሄዶ ስለ ሻጭነት ተምሮ ተመልሷል። ሸሪኩ ዘነበ የልጆች አባት ነው፤ ነገር ቶሎ አይገባውም ይባላል። የንጋት ሳሙና ኩባንያ ሰው ዛሬ በአውቶቡስ ይመጣል። ሳሙናው ሳይሸጥ ካገኘው ወኪልነቱን ለሌላ ሱቅ ይሰጣል። በዛብህ ግን አንዳች ስጋት የለበትም።)

ዘነበ፦ ጥርስ ካለው ሕፃን አይደለም እያልኩህ ነው!

በዛብህ፦ መጠቅለያ ላይ ያለ ሥዕል ነው አንተ ሰውዬ! ጥርሱ ምን አደረገህ?

ዘነበ፦ ገና ሳይድህ ጥርስ? እናቶች ይፈሩታል።

በዛብህ፦ እናቶችን ለእኔ ተዋቸው። አጥንቻቸዋለሁ።

ዘነበ፦ የት?

በዛብህ፦ አዲስ አበባ! ስማኝ፤ ጋዜጣ የምታነብ ስንት እናት አለች? ስለዚህ ጋዜጣችን የእናት አፍ ነው። ለማንጠግቦሽና ለወለላ ሳሙናውን በነፃ ሰጠኋቸው። ልጆቻቸውን አጥበው ገበያ ይወጣሉ፤ የሳሙናውን ስም ያነሳሉ፤ የሰማችው ደግሞ ለጎረቤቷ ትነግራለች። ገባህ?

ዘነበ፦ ገባኝ። ጎረቤቷን የተጣላችስ?

በዛብህ፦ (ተንፍሶ) በል ሂድና የሚሉትን ሰምተህ ና።

ዘነበ፦ ወኪልነቱ በሁለታችን ስም ይሆናል አይደል?

በዛብህ፦ አንተ ደግሞ! ወኪል ማለት እኮ እናቶችን የሚያውቅ ሰው ነው። ሂድ!

(ዘነበ ይወጣል። በዛብህ ከረባቱን እያስተካከለ ለኩባንያው ሰው የሚያደርገውን ንግግር ይለማመዳል። ዘነበ እየሳቀ፣ እየሮጠ ይመለሳል።)

ዘነበ፦ እንኳን ደስ ያለህ! ማንጠግቦሽ ልጇን ለገበያው ሁሉ እያሳየች፣ «ይኼ ንጋት የሚሉት ሳሙና ጦጣ አስመሰለብኝ!» አለች።

በዛብህ፦ ምን?

ዘነበ፦ ወለላማ፣ «የእኔን አታዪም፣ ጥላሸት!» አለቻት። ሴቱ ሁሉ ከብቦ፣ «ኤዲያ፣ ሲያስጠላ!» ሲል ብታይ!

በዛብህ፦ (ወንበሩን ስቶ ሣጥን ላይ ዘፍ እያለ) ጉድ ሠሩኝ! ያውም በነፃ ሰጥቻቸው!

ዘነበ፦ አሁን ወደዚህ እየመጡ ነው፤ ከነልጆቻቸው።

በዛብህ፦ ሊደበድቡኝ!

ዘነበ፦ ሊገዙ ነው እንጂ።

በዛብህ፦ ጦጣ የሚያደርግ ሳሙና ማን ይገዛል፣ አንተ ደንቆሮ? ዞር በል፣ እኔ አስተካክለዋለሁ! (በሩ ላይ ቆሞ፣ ባለ በሌለ ድምፁ) እናቶች! ይህን ልጅ እዩልኝ! ምን ያምራል! ምን ያበራል! ጉንጩማ ሊፈነዳ ነው!

(ጫጫታው ቀጥ ይላል። ማንጠግቦሽ ልጇን በነጠላዋ ትሸፍናለች። ወለላ አህያ ጀርባ ትደበቃለች። ሴቶቹ እየተገፋፉ ይሸሻሉ። በዛብህ እጁን እንደዘረጋ ቀርቷል።)

ዘነበ፦ ምን አደረግህ? ልጆቹን በዓይንህ በላሃቸው እኮ!

በዛብህ፦ አደነቅኋቸው እንጂ!

ዘነበ፦ የሰው ልጅ ፊት ለፊት ይደነቃል? እናት የምትሳሳለትን ልጅ ዓይን እንዳይገባው ጦጣ ነው የምትለው። ሳሙናው ጦጣ አደረገው ካለች፣ ልጁ ጨረቃ መስሏል ማለት ነው። እሱን ሰምተው እኮ ነው ሊገዙ የመጡት!

በዛብህ፦ ይኼ... ትምህርቱ ውስጥ አልነበረም።

ዘነበ፦ (አንገቱን ወደ ውጭ አውጥቶ) እናንተ ሴቶች! እነዚህን እንቁራሪቶች ይዛችሁ የት ትሄዳላችሁ? ኑ፣ ይኼ ሳሙና ጨርሶ ያስጠላቸዋል!

(ሴቶቹ እፎይ ብለው እየሳቁ ይመለሳሉ። ማንጠግቦሽ ግን በሩ ላይ ቆማ ለዘነበ አንድ ነገር ታንሾካሹካለች።)

በዛብህ፦ ምን አለች?

ዘነበ፦ ያደነቀው ሰው ራሱ እንትፍ ይበልልኝ፣ አለበለዚያ አልገዛም ነው የምትለው። ሁሉም እንደዚያው ናቸው። ተቀመጥ።

(ሰልፉ እስከ መንገዱ ይደርሳል። ዘነበ ይሸጣል፤ በዛብህ ይተፋል።)

በዛብህ፦ እንትፍ! እንትፍ! ዘነበ፣ አፌ ደረቀ።

ዘነበ፦ ውኃ ጠጣ። ቀጣይ እንቁራሪት!

በዛብህ፦ ይኼን እኮ አላደነቅሁትም! ዓይኔም አላየውም!

ዘነበ፦ እናቱ «ለማንኛውም» ብላለች።

(የመጨረሻው ሣጥን ሲገለበጥ አንድ ባለ ኮት ሰው ከአውቶቡስ ወርዶ ይገባል። የኩባንያው ሰው ነው። ባዶዎቹን ሣጥኖች አይቶ ፊቱ ይፈካል፤ «ወኪላችን ማነው?» ይላል። በዛብህ ሊመልስ ሲነሳ ሌላ ሕፃን አፍንጫው ሥር ይቀርብለታል።)

በዛብህ፦ እኔ... እንትፍ! እኔ ነ... እንትፍ!

(ሁለተኛው ምራቅ የሰውየው ኮት ላይ ያርፋል።)

ዘነበ፦ (ኮቱን በመሐረብ እየጠረገ፣ ሌላውን እጁን ለሰላምታ ዘርግቶ) ወኪሉ እኔ ነኝ፣ ጌታዬ። እሱን ይተዉት፤ የምራቅ ሠራተኛችን ነው።