ዜና አባ ብሩሽ፣ የድንጋይ ክቡን ሊቆፍሩ ወደ ሕዝብ ደን የዘመቱበት

በአምስተኛው ሥራ አስኪያጅ ዘመን በሦስተኛው ዓመት፣ የፎቶ ኮፒው ማሽን በተበላሸ በሰባተኛው ወር፣ በዕለተ ረቡዕ፣ የጥንታዊ ቅርስ ክፍል ኃላፊ፣ የሦስት ኮሚቴዎች ሰብሳቢ፣ የአቧራ ጠላት፣ ከደረት ኪሳቸው ትንሽ ብሩሽ ስለማትጠፋ አባ ብሩሽ የተባሉት ጌታ ወደ ሕዝብ ደን ዘመቱ።

የዘመቻውም ምክንያት ይህ ነው። ለሽርሽር የወጣ አንድ ሰው ከእግረኛው መንገድ ሃያ እርምጃ ገባ ብሎ በእጅ የተደረደረ የድንጋይ ክብ አይቶ ፎቶ አንሥቶ ላከ። አባ ብሩሽም ፎቶውን በስልካቸው አጉልተው ተመልክተው፣ ከወንበራቸው ሳይነሡ ሦስት ሺህ ዓመት ፈረዱለት። ወእምዝ እንዲህ ሲሉ አዋጅ አስነገሩ፦

«የሰማህ ስማ፤ ያልሰማህ ማስታወቂያ ሰሌዳውን እይ! የጥንት ነገሥታት መቃብር አግኝተናል። ዛሬውኑ እንቆፍራለን!»

የተከተላቸውም ሠራዊት ይህ ነበር፤ ሜትሩን ቢሮ ረስቶ በስንዝር የሚለካው ቀያሽ፣ ካሜራ ያንጠለጠለችው ጋዜጠኛ፣ አካፋ የተሸከሙ ሁለት ቆፋሪዎች፣ እንዲሁም የአባ ብሩሽ ሚስት ወንድም የሆነው የዕፅዋት ባለሙያ፣ እርሱም አንድ አገር በቀል ዛፍ በዚያ ደን ስድስት ዓመት ፈልጎ አጥቶ «ጨርሶ ጠፍቷል» የሚል ሪፖርት የጻፈ ነው።

ከቢሮ ተነሥተው በመኪና ማቆሚያው ሰፈሩ፤ ከዚያም ተነሥተው፣ የኃላፊው ጫማ ስለጠበባቸው፣ በአግዳሚ ወንበሩ ሰፈሩ፤ ከዚያም ተነሥተው ክቡ ዘንድ ደረሱ። በክቡም መካከል ስንዝር የማትሞላ ችግኝ ቆማ ነበር። በነገሥታት ራስ ላይ ቅጠል መብቀሉ አባ ብሩሽን እጅግ አሳዘናቸው፤ «ይህ አረም ይነቀል!» ብለውም አወጁ።

በዚህ ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመት ደኑን የጠበቀች ሴት ባልዲዋን እንደያዘች መጣች።

«ጌታዬ፣ ድንጋዩን የደረደርኩት እኔ ነኝ። ሰው እንዳይረግጣት ብዬ ነው።»

ክቡርነታቸው የተማሩ ናቸውና አልሰሙም። ደግማ ተናገረች፤ ቀያሹ ዝም በይ ብሎ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ጠባቂዋም መናገሩን ትታ ከክቡ ገባች፣ ችግኟንም በሁለት መዳፏ ከልላ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ተነሺ!» የሚል አዋጅ ወጣ።

«አልነሣም። ከነቀላችሁ ከእኔ ጋር ንቀሏት» የሚል አዋጅ ተመለሰ።

ቆፋሪዎቹ አካፋቸውን ተደግፈው መሬት መሬት ሲያዩ፣ አባ ብሩሽ አማቻቸውን «ቅጠል ያንተ ክፍል ነው፤ ሂድ ንቀል» ብለው ሰደዱት። እርሱም ተንበርክኮ በጣቶቿ መካከል ቅጠሏን ያዘ፤ ገልብጦ ጀርባዋን አየ፤ ከዚያ በኋላ እጁ አልተንቀሳቀሰም።

«ጋሼ፣ እሷ ናት» አለ።

«ማን?»

«ጠፋች ብዬ የጻፍኳት።»

አልቅሶ እንደሆነ ይህ ጸሐፊ አያውቅም፤ መነጽሩን ግን ሁለት ጊዜ ጠረገ። ጠባቂዋም፣ «እናቷ ከጅረቱ ማዶ አለች። ስድስት ዓመት ሲመላለሱ አይቼ ምን ጠፋብዎ ብልዎ፣ ሳይንስ ነው አይገባሽም ነው ያሉኝ» አለችው።

አባ ብሩሽም ነገሥታቱን በአንድ ትንፋሽ ረስተው፣ ወደ ካሜራው ዞረው፣ ብሩሻቸውን መዘው፣ ቅጠሏን ጠረግ አድርገው አወጁ፦ «ይህችን ችግኝ ለማዳን ዘመቻውን በምስጢር ያቀድኩት እኔ ነኝ!»

ከእሳቸው በፊት ከተሾሙት ኃላፊዎች መካከል፣ ያልፈለገውን አግኝቶ፣ ያገኘው እንዲነቀል አዝዞ፣ ስለ ማዳኑ የተሸለመ ማን ነው? ወሩ ሳያልቅ የምስክር ወረቀት ተቀበሉ፤ ከችግኟ ሦስት እጥፍ የሚረዝም፣ ስማቸው የተጻፈበት የብረት ሰሌዳም ከክቡ አጠገብ ተተከለ። ለጠባቂዋም ደብዳቤ ደረሳት፦ «በቅርስ ሥፍራ ላይ ያለ ፈቃድ በመቀመጥዎ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶዎታል።»

አንብባ ፈረመች። በማግሥቱ ሰሌዳው የጠዋቱን ፀሐይ ችግኟ ላይ እንደጋረደ አይታ፣ ነቅላ ወስዳ ከጀርባ ካለው ጥሻ ውስጥ ተከለችው። በዚያም ቆሞ የገናናውን፣ የአርቆ አስተዋዩን፣ የአባ ብሩሽን ክብር እስከ ዛሬ ድረስ ለቁጥቋጦ ይመሰክራል።