ባዶ መሆን የነበረበት ድንኳን

ሰው ሦስት ሥራ አንድ ላይ ከያዘ ከራሱ ጋር መጣላቱ አይቀርም። አላመናችሁኝም? ጋሼ ሳልህን ስላላያችሁ ነው።

ጋሼ ሳልህ በልጅነታቸው ከየመን መጥተው ፈረንሳይ ለጋሲዮን ያደጉ ሰው ናቸው። ቀን ሱቃቸው ውስጥ ስኳርና ሳሙና ይሸጣሉ፤ ሱቁ ሲዘጋ ፊልም ይጽፋሉ። የጻፉትን ራሳቸው ያዘጋጃሉ፣ ራሳቸው ይተውናሉ። ደራሲው ያሳመረውን ተዋናዩ ይረሳል፤ አዘጋጁ ይቆጣል። ሦስቱም እሳቸው ናቸው። እኔ ረዳታቸው ነበርኩ። አይቼ እንኳ የማላምን ተጠራጣሪ ስለሆንኩ ይመስለኛል የመረጡኝ። እርግጠኛ ግን አይደለሁም።

ፊልሙ ስለ አንድ ስደተኛ ነበር። ሰውየው ይሞታል፣ ድንኳን ይተከላል፣ አልቃሽ ግን አይመጣም። መጨረሻው ባዶ ድንኳን ነው። ጋሼ ሳልህ ይህን የጻፉት ከልባቸው ነበር። አንድ ቀን፣ "እኔስ ብሞት ማን የሚመጣ ይመስልሃል?" አሉኝ። ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር አሰርኩ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጽሑፉን አንብቦ፣ ሰፊው ሕዝብ የታለ ብሎ ነበር። እንደምንም ፈቀደ። ካሜራው ለአንድ ቀን የተገኘ የውሰት ነው፤ በማግሥቱ ይመለሳል። ያቺ ቀን ካመለጠች ፊልሙ መጨረሻ የለውም።

ድንኳኑን ከእድራችን ተዋስን። ለእድሩ ዳኛ ለፊልም መሆኑን ደጋግሜ አስረዳሁ። ጡሩምባ ነፊው ግን እዚያ አልነበረም። ከእንጦጦ ሲወርድ ድንኳኑ ጋሼ ሳልህ ደጅ ተተክሎ አየ። የእድር ድንኳን ደጅ ላይ ከታየ ደግሞ ምን ይጠየቃል? ጡሩምባውን አንስቶ መንደሩን ዞረ።

እኛ ይህን መች አወቅን? ካሜራውን አስነሳሁ። ጋሼ ሳልህ ነጭ ጨርቅ ተሸፍነው ተጋድመዋል። ከእሳቸው በቀር ድንኳኑ ባዶ ነው፤ ያምራል። ወዲያው ከታች ከመንገዱ ለቅሶ ተሰማ። መንደሩ ጎረፈ። ሊቀመንበሩ ሳይቀር ባርኔጣውን አውልቆ ገባ። ጎረቤታችን እትዬ በላይነሽ ደረታቸውን እየመቱ፣ "ስኳር ሲጠፋ ከባንኮኒ ሥር አውጥተህ የምትሰጠኝ ወንድሜ" እያሉ አለቀሱ። ሊቀመንበሩ ቀና አለ። ጨርቁ ተንቀጠቀጠ።

ጎንበስ ብዬ፣ "ጋሼ፣ ላስቁማቸው?" አልኩ።

"ተው፣ ገና እየሰማሁ ነው" አሉኝ ከጨርቁ ሥር።

በመጨረሻ ሳቅ አመለጣቸውና ተነሡ። ግማሹ ለቀስተኛ ዳገቱ ላይ ወዳለው ባሕር ዛፍ ሮጠ። እትዬ በላይነሽ ግን ንቅንቅ አላሉም። "ንፍሮ ጥጄ ነው የመጣሁት። አሁን ማን ሊበላው ነው?" አሉ።

ንፍሮው መጥቶ እዚያው ድንኳኑ ውስጥ ተበላ። የሮጡትም ተመለሱ። ሊቀመንበሩ የባንኮኒውን ነገር እንዳልሰማ ሆኖ፣ አሁን ገና ሰፊው ሕዝብ ገባበት እያለ በእፍኙ ዘገነ። ካሜራው ይህን ሁሉ ሲቀርጽ ውስጡ ያለው ፊልም አለቀ፤ ባዶውን ድንኳን እንደገና መቅረጽ አልተቻለም።

ደራሲው ተሸነፈ። አዘጋጁ ተናደደ። ሟቹ ግን ንፍሮውን ደገመ።