እስከ አራት የሚቆይ እስር

በእኛ ጊዜ ተማሪ ሲያጠፋ ደብዳቤ የሚባል ጣጣ አልነበረም። መምህሩ አለንጋውን ያወጣል፣ እኛ እጃችንን እንዘረጋለን፣ ጉዳዩ እዚያው ይዘጋል። አስተርጓሚም አያስፈልግም ነበር። እዚህ ጆሃንስበርግ ግን ልጅ አይነካም፤ ለወላጅ ይጻፋል። ሥልጣኔ ነውና አልቃወምም። ችግሩ ደብዳቤ አንባቢ ይፈልጋል፣ በሰፈራችን ደግሞ አንባቢው እኔ ነኝ። ለምን አንተ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ። መነጽር አለኝ።

ባለፈው ዓርብ ቀትር ላይ ላምቤቦ ወረቀት ይዞ እያለከለከ መጣ። ላምቤቦ የሆሳዕና ሰው ነው፤ ክሊፕታውን ሰፈር ውስጥ ስፓዛ የሚሉት ትንሽ ሱቅ አለው፣ ስኳርም የስልክ ካርድም ይሸጥበታል። ደብዳቤ የምታነብለት ዘጠነኛ ክፍል የምትማረው ልጁ ምሕረት ነበረች። ይሄን ግን ባንኮኒው ላይ ትታለት፣ ሳታነብለት ወደ ትምህርት ቤት ሄዳለች።

መነጽሬን አደረግኩ። ዲቴንሽን ይላል። እዚህ አገር በስደት ለኖረ ሰው ይህ ቃል አዲስ አይደለም፤ ወረቀት የሌለው ሰው ወደ አገሩ እስኪሸኝ ድረስ የሚቆለፍበት ቤት ነው።

«ምሕረት ዛሬ ትታሰራለች» አልኩት፣ እንደ መርዶ ነጋሪ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«እስከ መቼ ጋሼ?»

«እስከ አራት ይላል።»

«አራት ምን?»

ወረቀቱን ገልብጬ አየሁት፤ ጀርባው ባዶ ነው። «ወር» አልኩት። በተጨነቀ ሰው ፊት ማመንታት ነውር ይመስለኛል።

ላምቤቦ በጠራራ ፀሐይ ስፓዛውን ሲዘጋ ደንበኞቹ ማን ሞተ ብለው ጠየቁ። የቤተሰቡን ሰነድ በሙሉ በፌስታል፣ ብርድ ልብስ በትከሻው፣ ዳቦና የጥርስ ብሩሽ በብብቱ ይዞ ወደ ትምህርት ቤቱ ታክሲ ተሳፈረ። እኔም በአስተርጓሚነት ተከተልኩ።

ሁሉም ማም የሚሏቸው የሥነ ሥርዓት ኃላፊዋ፣ ብርድ ልብሱን አይተው ወደ አንድ ክፍል ወሰዱን። ምሕረት ከሦስት ተማሪዎች ጋር ተቀምጣ ትጽፋለች። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ዘበኛ የለም፣ የሚያመልጥም የለም። እንዲህ ያለ የተከበረ እስር ቤት አይቼ አላውቅም።

ልጅቷ የጥርስ ብሩሹን ስታይ ሁሉም ነገር ገባት። «አባዬ፣ ከትምህርት በኋላ ቆይቶ መጻፍ ነው እንጂ እስር አይደለም፤ አራት ማለት እኮ በእኛ አሥር ሰዓት ነው» አለች።

ላምቤቦ ብርድ ልብሱን ከትከሻው አወረደ። ከዚያ ጥፋቷን ጠየቀ። እሷ አቀረቀረች፤ ማም ተናገሩ። ማክሰኞ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ስልክ አንስታ እያወራች ወጥታለች፤ ማን እንደደወለ ብትጠየቅ አልናገርም ብላለች።

ይሄን ለመረዳት ላምቤቦ እኔን አልጠበቀም። ማክሰኞ የመኖሪያ ፈቃድ ሊያሳድስ ኢሚግሬሽን ቢሮ መስኮት ላይ ቆሞ፣ እንግሊዝኛው ሲያልቅበት የደወለው ለእሷ ነበር። እሷ ናት ከትምህርት ቤቱ ኮሪደር ሆና በስልክ እየተረጎመች ያስጨረሰችለት።

«ለምን አልተናገርሽም?» አላት።

«አንተን ይጠሩህ ነበራ።»

ደረቱን መታ። «ማም፣ ፎን፣ ሚ» አለ። ያቺን እንግሊዝኛ የሚያህል ንግግር እኔ በመነጽሬም አልችልም።

ማም ቅጣቱ አይነሳም አሉ፣ ደንብ ደንብ ነው። ከዚያ አንዲት ትንሽ ወንበር ስበው ከልጁ ጎን አስቀመጡለት። ላምቤቦ ብርድ ልብሱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ «በትምህርት ሰዓት ለልጄ አልደውልም» የሚለውን በአማርኛ ሃምሳ ጊዜ ጻፈ። ዳቦው ለአራቱ እስረኞች ተቆረሰ። በአሥር ሰዓት ማም ጽሑፉን በምሕረት አስተርጉመው ሰሙና መሳቢያቸው ውስጥ በክብር አኖሩት።

ልንወጣ ስንል ማም ድንገት፣ ለመሆኑ ያን ደብዳቤ ማን ነው የተረጎመው ብለው ጠየቁ። ምሕረት አባቷን አየች። አባትየው ብርድ ልብሱን ማጣጠፍ ጀመረ፤ ቢጠብቁም ቢጠብቁም ስም አልጠራም። ልጅቷ ከማን እንደወረሰችው ያን ጊዜ ገባኝ።

እኔም እንደነሱ ዝም አልኩ። መነጽሬን ግን ቀስ ብዬ አውልቄ ኪሴ ከተትኩት።